ብሩሽህን የምትጠርግበት ግድግዳ

ይድረስ ለምወድህ ለአባቴ፤

አባዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ጉልበትህስ? "ደህና ነው" ብለህ እንዳታልፈኝ፤ ቀኙን ለብቻ ግራውን ለብቻ ነው የምጠይቅህ። ደረጃ ስትወርድ አሁንም ግድግዳ ትይዛለህ ወይስ የእማዬን ትከሻ መደገፍ ለመድክ? የእማዬስ ዐይን እንዴት ሆነ? መነጽሯን ማድረግ ጀመረች ወይስ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ክር አላስገባ ያላትን መርፌ እየተሳደበች ነው? እህቴስ ከነልጇ እንዴት ናት? ጩጬዋ ሌሊቱን መተኛት ጀመረች? ሁላችሁም በዐይኔ ላይ ናችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ቃል በስልክ ስንት ጊዜ እንደነገርኩህ አውቃለሁ፤ የዛሬው ግን እውነተኛው ነው፣ ለምን እንደሆነም ከታች ታገኘዋለህ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ፖስታውን ገና ከሩቅ ሳየው የማን እንደሆነ አወቅሁ። አድራሻዬን እንደ ሱቅ ታፔላ ነው የጻፍከው፤ ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ቁመት፣ ከሥራቸው በእርሳስ አስምረህ በላጲስ ያጠፋኸው መስመር ሳይቀር ይታያል። በሩ ላይ ቆሜ፣ ቁልፉ ገና ከጉድጓዱ ሳይወጣ ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር "ልጄ፣ አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ፤ በስልክ ልነግርሽ አፌ አልታዘዝ አለኝ" ይላል። አባዬ፣ እንዲህ ተብሎ ደብዳቤ ይጀመራል? እማዬ ታማ ይሆን፣ ጉልበትህ ይሆን፣ ቤቱ ይሆን እያልኩ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ ያለው "ሥዕልሽን አበላሸሁት" የሚል ነበር። እፎይ አልኩ፣ ሳቅሁም፤ ታች ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ በሯን ከፍታ "ምን ተገኘ?" እስክትለኝ ድረስ ሳቅሁ።

ከዚያ ረጋ ብዬ አነበብኩት። ሳሎን የሰቀልከው ሥዕሌ የወጥ ቤት እንፋሎት እንዳያገኘው ሠጋህ። ቫርኒሽ ልትቀባው አወረድከው። አቧራ ላይ ቫርኒሽ አይቀባምና በልማድህ መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ አሳረፍክበት። ጨርቁን ስታነሣው ሰማያዊው አብሮ ተነሣ። ደንግጠህ "በቫርኒሽ ልያዘው" ብለህ ቶሎ ብትደርብበት እድፉን እንዳለ አሸግከው። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስገብተህ አራት ወር ሙሉ፣ በደወልኩ ቁጥር "ሥዕሌ እንዴት ነው?" ስልህ "ከግድግዳው ላይ ሆኖ ያየናል" አልከኝ። እማዬም አብራህ! እሷማ "እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል" ብላኛለች። የትኛው እንግዳ ነው ቁም ሣጥን ጀርባ የሚገባው?

ከሁሉ ይልቅ አንጀቴን የበላው ግን ጥፋቱን ከራስህ ላይ ልታወርደው አለመሞከርህ ነው። ሞከርክ ከተባለ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ "ልጄ፣ በጨርቅ የሚለቅ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ነጋዴው አታሎሽ እንዳይሆን" ብለሃል። እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ያታለለህ ነጋዴው አይደለም፣ እኔ ነኝ። አንተ አራት ወር ደበቅኩሽ ብለህ ይቅርታ ትጠይቃለህ፤ እኔ የደበቅኩህ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ ዛሬ የኔ ተራ ነው፤ ጉልበትህን አጣጥፈህ ተቀመጥና ስማኝ።

ያ ሥዕል በዘይት ቀለም የተሠራ አይደለም። በብሩሽም አልተሠራም። ታብሌት በሚሉት፣ እንደ ጽላት ባለ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሠርቼው በማሽን የታተመ ነው። በእርጥብ ጨርቅ የለቀቀው የማተሚያ ቀለም ስለሆነ ነው። ይኸው አልኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከማክሰኞ እስከ ዛሬ ወስዶብኛል።

ለምን ብለህ ትጠይቀኛለህ። ከሦስት ዓመት በፊት ሳል ያዘኝ። ክፍሌ አንድ መስኮት ብቻ ነው ያላት፤ እዚያው እሥላለሁ፣ እዚያው እተኛለሁ። ሳሉ ቀስ በቀስ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ወደ ማጠር ዞረ፣ ከዚያም ቁጭ ባልኩበት ሆነ። ያየችኝ ሐኪም ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጀርባዬን ብዙ አዳመጠችና በምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የዘይት ቀለሙን፣ ቲነሩን፣ ቫርኒሹን ዘረዘርኩላት። "ወይ እነሱን ወይ ሳንባሽን፣ ምረጪ" አለችኝ። በውሃ የሚቀጥነውንም ሞከርኩ፤ ደረቴ እሱንም አልቀበልም አለ። ቀለሞቼን ሰጥቼ ጨረስኩ። ብሩሾቼን ግን አጥቤ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀመጥኳቸው።

ያኔ ልነግርህ ነበር። ግን አንተ አርባ ዓመት ስትተነፍሰው ኖረህ ምንም ያልሆንከውን እኔ በስድስት ዓመት ተሸነፍኩ ማለት አሳፈረኝ። ደግሞም የማተሚያ ማሽኑ የመጣበት ዓመት አይረሳኝም። የመንገዳችን ታፔላ ሁሉ ያንተ እጅ ነበር፤ የፀጉር ቆራጩ መቀስ፣ የጫማ ሠሪው ቡት፣ የመድኃኒት ቤቱ ጠርሙስ። በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ወርደው በላስቲክ ተተኩ። አንተ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አየኸውና "ቁልፍ ተጭኖ የወጣን ነገር እኔ ሥዕል አልለውም" አልክ።  ከዚያ በኋላ ቤት እንጂ ታፔላ አልቀባህም፤ ጉልበትህ ሲያምህ ደግሞ ቤቱንም ተውከው። ታዲያ እኔ ልጅህ በየትኛው አፌ ነው "አባዬ፣ ቁልፍ ተጫኝ ሆኛለሁ" የምልህ? በስልክ "ቀለሙ ደረቀልሽ?" ስትለኝ ዐይኔን በጨው አጥቤ "ብርድ ስለሆነ ቆየብኝ" እልህ ነበር። 

ታብሌቱን ያዋሰኝ በሥዕል ክፈፍ ቤቱ አብሮኝ የሚሠራው ባለመነጽሩ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ መነጽሩን የሚፈልገው፣ ነግሬሃለሁ። ሥራ ፈትቼ እጄን ሳፋትግ አይቶ "ይሄ ቤት ውስጥ አቧራ እየጠጣ ነው፣ ውሰጂው" አለኝ። አብሮት ብዕር አለው። ብዕሩ ቀለም የለውም፤ ጠበቅ ስታደርገው መስመሩ ይወፍራል፣ ስታላላው ይቀጥናል። ቀለም ብትል የፈለግከው አለ፣ አያልቅም፣ አይፈስም፣ አይሸትም። መጀመሪያ ያስለቀሰኝም ይሄው አለመሽተቱ ነው። ቀለም ሳይሸተኝ እጄ ሥራ መጀመሩን አላውቅ አለ።

ዋናው ጣጣዬ ግን ሌላ ነበር። ጥጉ ላይ ወደ ኋላ የምትታጠፍ ትንሽ ቀስት አለች። እሷን ስትነካት መጨረሻ የሠራኸው ይጠፋል። ደግመህ ስትነካት ከዚያ በፊት የሠራኸውም ይጠፋል። አባዬ፣ ይህን የመሰለ ፈተና አይቼ አላውቅም። አንድ መስመር አሠምራለሁ፣ ደስ አይለኝም፣ አጠፋለሁ። ሌላ አሠምራለሁ፣ ከቅድሙ የባሰ ይሆንብኛል፣ አጠፋለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ስሠራ ስመልስ፣ ስሠራ ስመልስ አንድም ሥዕል አልጨረስኩም። የሚያልቀው ቀኔ ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መስታወቱን ገልብጬ አስቀመጥኩና "በቃ፣ እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ ድሮም በቀለሙ ሽታ ነው የተሸወድኩት" አልኩ። ቅስሜ ተሰብሮ ነበር።

እንዲያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ትዝ ያለኝ። አስራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አንተ መሰላል ላይ ሆነህ ከላይ ክሬሙን ትቀባለህ፣ እኔ ከታች እጠብቅሃለሁ። ካንተ ሮለር አንዲት ጠብታ ወርዳ ከሥር ቀደም ሲል የቀባኸው ሰማያዊ መስመር ላይ አረፈች። እኔ ልርዳ ብዬ በጣቴ ልጠርጋት ስል "ተያት!" ብለህ ጮህክ። መቼም አትጮህብኝም፣ ለዚህ ነው ያልረሳሁት። ወርደህ ታዲያ በቀስታ "እርጥብ ቀለም አይነካም። ትድረቅና ነገ በላይዋ ትሄጂባታለሽ" አልከኝ። በማግስቱ ሁለተኛ እጅ ቀለም ስትደርብ ጠብታዋ የነበረችበትን ቦታ እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁት። ብቻ ከጎን ሆነህ ብርሃን ሲመታው ትንሽ ጉብ ያለች ነገር ነበረች፤ እሷን ለማየት ብዬ ነበር በዚያ ኮሪደር የምመላለሰው።

ተነሣሁና ከክፈፍ ቤቱ ያመጣሁትን የወረቀት ፕላስተር፣ አንተ የመስኮት ጠርዝ የምትሸፍንበትን ዓይነት፣ ቆርጬ ቀስቷ ላይ ለጠፍኩባት። ከዚያ ቀን ወዲህ መመለስ የለም። ባለመነጽሩ አይቶ "ምነው፣ መስታወቱ ቆሰለ እንዴ?" አለኝ። ሌላም ሕግ አወጣሁ፦ በቀን አንድ እጅ ብቻ። አንደኛውን እጅ እቀባለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ እስከ ማግስቱ አልነካውም። ባለመነጽሩ ይሄን ሲሰማ ደግሞ ሳቁ አፈነው። "ብርሃን እኮ ነው፣ ምኑ ነው የሚደርቀው?" አለኝ። "የምደርቀው እኔ ነኝ" አልኩት። እውነቴን ነው። በማግስቱ ስከፍተው ትናንት ያናደደኝ መስመር አያናድደኝም። የሚሸፈነውን እሸፍናለሁ፣ የሚቀረውን እተወዋለሁ። ስህተቱም ከሥር ሆኖ ይታያል፣ እንደ ጠብታዋ። በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ሥዕል ጨረስኩ። አሥራ ስድስት እጅ ነው። አንተ ሳሎን የሰቀልከው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሥዕሎቼ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝንና እኔ "እንዲሁ ነው" እያልኩ የማልፈውን ልመልስልህ። "ይሄ ሥዕል የምንድን ነው? ላዩስ የቱ ነው?" ትለኛለህ። እማዬማ ሁሉም ውስጥ አህያ ታያለች፤ ጆሮዋን ሳይቀር በጣቷ ታሳያለች። ሰው፣ ዛፍ፣ ቤት የማልሥለው ስለማልችል አይደለም። መጀመሪያ ያየሁት ሥዕል ቅርጽ ስላልነበረው ነው። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ትዝ ይልሃል? ማታ ከሥራ ስትገባ ብሩሽህን ሳታጥብ በፊት የተረፈውን ቀለም እዚያ ላይ ነበር የምትጠርገው። አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች፣ አንድ በግድም። የሰው ቤት ሳሎን፣ የሆስፒታል በር፣ የትምህርት ቤት አጥር፣ ሁሉም ትርፍራፊ እዚያ ላይ እየተደራረበ ስንት ዓመት ኖረ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ እዚያ ነበር የምሄደው። ዛሬ አባቴ የት እንደዋለ ከግድግዳው አውቅ ነበር። ቢጫ ከሆነ ያ ኬክ ቤት፣ ግራጫ ከሆነ ጋራዡ። የማንም ምስል የለበትም፤ ግን ያንተ ቀን ሁሉ አለበት። እኔ ሥዕል ማለት ይሄ ነው ብዬ አደግሁ።

እህቴ የተዳረች ዓመት ግቢው ይመር ብለህ ግድግዳውን ድፍን ነጭ ቀባኸው። እኔ ጥግ ይዤ ሳለቅስ "ግድግዳ እኮ ነው፣ ምን ሆንሽ?" አልከኝ። ምን ብዬ ልንገርህ? እኔ ራሴም አላወቅሁትም ነበር። ያንን ነው የሣልኩት። በዓይነ ሕሊናዬ የቀረልኝን ያህል፣ ቦታ በቦታ። ግን አልነገርኩህም፤ ካላወቅኸው ልቤ እንዳይሰበር ብዬ ነው። ስልክህም "ቆንጆ ነው፣ ሰቅዬዋለሁ" ብቻ አለኝ። እኔም እንዳላወቅኸው ቆጠርኩ።

ማክሰኞ እንግዲህ ደብዳቤህን አንብቤ ጨረስኩ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ትናንት ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል ከጀርባው ቀለም ሰርጎ ሲታይ አየሁና ገለበጥኩት። ለካ ጀርባውም ተጽፎበታል። አባዬ፣ ያንን ክፍል በቃሌ ይዤዋለሁ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ አፍራለሁ፤ ለእናትሽ ነግሬያት ስቃብኛለች። ከላይ በቀኝ በኩል ያለችው አረንጓዴ የትምህርት ቤቱ በር አይደለችም? ከሷ ሥር ያለችው ቀይ ደግሞ የእሳት አደጋው ጣቢያ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ያለውን የኔን ግድግዳ ነው የሣልሽው? እሱ ከሆነ ሁለት ጊዜ አጠፋሁብሽ ማለት ነው፤ ቫርኒሹን ያነሣሁትም እንዳይጠፋ ብዬ ነበር።"

ቦርሳዬን እንዳነገትኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሥራም አረፈድኩ። ሦስት ዓመት የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቁልፍ ተጭኜ ያወጣሁትን ስታይ "ይሄ ሥዕል አይደለም" ትለኛለህ ብዬ። አንተ ግን ከማሽን በወጣ ወረቀት ላይ የትምህርት ቤቱን በር አገኘህ። ማንም ሳይነግርህ፣ ላዩ የቱ ነው ሳትል። አሁን ማሽን ነው ስልህ ብትቆጣም ግድ የለኝም፤ ቀድመህ አውቀኸዋል፣ ከእንግዲህ አላውቀውም ማለት አትችልም። ከደረቴ ላይ ድንጋይ ወረደ። ትናንት ማታ ሐኪሟ የምትለኝን ያህል ረጅም ትንፋሽ ሳልፈልገው መጣልኝ።

ስለ ደረቴ አትጨነቅ። ባለፈው ወር አዳምጣኝ "ጠርቷል" ብላኛለች። አራት ፎቅ ሳላርፍ እወጣለሁ። እንዲያውም ከላይ ስደርስ እዘፍናለሁ፤ ጎረቤቶቼ አልተደሰቱም እንጂ።

ሌላው የምሥራች፣ አንተ ያበላሸኸው ሥዕል አልተበላሸም። ይሄ ነው የማሽኑ ደግነት፤ ያው ሥዕል እኔ ዘንድ እንዳለ ተቀምጧል። አሁን በውሃ በማይለቅ ቀለም፣ በሸራ ላይ አሳተምኩት። በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት፣ በሳሙና ፈገፈግኩት፣ ምንም አላለም። እና አንተ የፈለግከውን ያህል ቫርኒሽ ደርብበት፣ እኔ አላዝንም። የቀድሞውን ግን እንዳትጥለው፤ እማዬ እዚያኛው ላይ አህያዋ ይበልጥ ትታያለች ብላለች አሉ።

ለእህቴ ትናንት ደውዬ ነበር። ቫርኒሹን ልትቀባ የቀን ሥራ ልብስህን ከሣጥን አውጥተህ እንደለበስክና ብሩሽ ስታጥብ ታፏጭ እንደነበር ነገረችኝ። ፉጨትህን የሰማነው መቼ ነበር? ከታፔላዎቹ ወዲህ አይመስለኝም። እሷም "ከዚያ ቀን በኋላ ግን ብሩሹን ደግሞ አላነሣም" አለችኝ። እንዲህ ያለ ቅጣት በራስህ ላይ መፍረድህን ስሰማ ነው ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ልጨርስ ያልኩት።

አዲሱን ሸራ በካርቶን ቱቦ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ስትዘረጋው ከታች በግራ በኩል አንድ ነጭ ቦታ ታያለህ፤ ስፋቱ ሁለት መዳፍ ያህላል። ሳይታተም ቀርቶ እንዳይመስልህ። በዚያች ቦታ ላይ ምን እንደነበረ ብዙ አስቤ አላስታወስኩም። አንተ የትኛውን ቤት ቀብተህ እንደጠረግክበት ታውቅ ይሆናል። ባታውቅም ግድ የለም።

ለእማዬ ጉንጯን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ መነጽሯን አድርጋ ይህን ደብዳቤ ራሷ ካላነበበች ግን ሰላምታዬ አይደርሳትም በላት። እህቴን "ምስጢር ጠባቂ አይደለሽም፣ ተባረኪ" በልልኝ። ለባሏም የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የሳሎኑን ምስማር ይጠብቅልኝ፣ ይሄኛው ከባድ ነው። ጩጬዋን እግሯን ሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለአናጢው ጤና ይስጥልኝ ብላለች በልልኝ፤ የጀርባ ሕመማቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቀህ ጻፍልኝ።

አንተን አባዬ ምን ብዬ እሰናበትሃለሁ? ከሣጥን ልብስህን አውጣ። ቀለም አንሣልኝና ያቺን የተላጠችውን የእማዬን የወጥ ቤት በር ቀባላት። ስትጨርስ ብሩሽህን ሳታጥብ ሳሎን ግባና ነጩ ቦታ ላይ ጥረገው። አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች፣ አንድ በግድም። እኔ ቀስቷን ሸፍኛታለሁ፣ መመለስ የለም።

ልጅህ፣
ከመስኮቴ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን